ቅጠሉ ጠርቶ፣ ጉሬዛው ደብዝዞ፦ የፎከስ ታሪክ ከአዊ ምድር ሲታይ



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ የተበላሸ ፎቶግራፍ እጀምራለሁ። በስክሪኑ ላይ የምታዩት ነው። በ1984 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ፣ ለዕረፍት ወደ ዳንግላ መጥቼ፣ ከጓደኛዬ በተዋስኋት አንዲት አነስተኛ ካሜራ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ያነሣሁት ነው። ከፊት ለፊት የወይራ ቅርንጫፍ ይታያል፤ የቅጠሎቹ ጅማት ሳይቀር ይቆጠራል። ከቅርንጫፉ ኋላ ደግሞ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ቅርጹ የማይለይ፣ ጭስ የመሰለ ነገር አለ። እሱ ጉሬዛ ነው። ጉሬዛ መሆኑን የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ ፎቶግራፉ አይመሰክርም። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የደብሩ አገልጋይ ለነበሩት አዛውንት ቄስ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ወይራው ደግ ወጥቷል፤ ጉሬዛውን ግን የት አደረግኸው?» አሉኝ። (ሳቅ)

ያን ጊዜ አፈርሁ። እያደር ግን ጥያቄያቸው የታሪክ ጥያቄ ሆኖ ታየኝ። ምስል የሚሠራ ሰው ከፊቱ ከተደረደረው ብዙ ነገር መካከል አንዱን ያጠራል፣ ሌላውን ያደበዝዛል። የሚጠራውን የሚመርጠው ማን ነው? ሠዓሊው ነው፣ ካሜራው ነው፣ ወይስ ካሜራውን በሩቅ አገር የሠራው መሐንዲስ? ይህን ጥያቄ ይዤ፣ በዚሁ በአገው ምድርና በአካባቢው ካለፉ ሰዎች ተነሥቼ፣ እስከ ዛሬው ካሜራ ድረስ ልውሰዳችሁ። ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከብሩስ እንጀምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኅዳር ወር 1770 ላይ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደረሰ። በአምስት ጥራዝ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በ1790 ሲወጣ የመጨረሻው ጥራዝ ለእንስሳትና ለዕፀዋት የተሰጠ ነበር። ያን ጥራዝ የሚገልጥ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚያሰኘው ነገር አለ፤ አሽኮኮ፣ እርኩም፣ ንስር ወርቅ የሚሉት የእኛው ስሞች በላቲን ፊደል ተጽፈው ያገኛቸዋል። ብሩስ «ዋልያ» ብሎ የመዘገባት አረንጓዴ ርግብ ደግሞ ዛሬም በሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ያንኑ ቃል ይዛ ትኖራለች። ከስሜን ተራራው ዋልያ ጋር ስለሚያምታታ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይከራከሩኛል።

በእነዚያ ሥዕሎች ላይ የፎከስ ችግር የሚባል የለም። እንስሳው ከቅጠሉ፣ ከጥላው፣ ከጉሙ ተነጥሎ፣ ከጆሮው እስከ ጥፍሩ እኩል ጠርቶ ይቆማል። ብሩሽ የያዘ እጅ የማይፈልገውን ቅጠል አይሥልም፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ነገር ግን ሌላ ዓይነት መደብዘዝ አለ። ብሩስ የቀጠረው ሠዓሊ የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት ሄዷል፤ የራሱ የጉዞ ማስታወሻ ይህን ያሳያል። ጎንደር ተመልሶ በ1771 ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ ሥራ አስመሰላቸው። ወፉ ጠራ፤ ወፉን የሣለው ሰው ደበዘዘ። የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ የዬል የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ ስሙም ተመልሶለታል። መመለሱ ግን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ካሜራ ወደ ዱር እንስሳት የዞረው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛውያኑ የኪርተን ወንድማማቾች የወፍ ጎጆን ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ ያነሡት በ1892 ነበር። ጎጆና እንቁላል የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አይንቀሳቀሱም። የጀርመናዊው የሺሊንግስ የምሥራቅ አፍሪካ የሌሊት ፎቶግራፎች በ1905 ታተሙ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ በሌሊት በብልጭታ ያነሣቸው አጋዘኖች ደግሞ በ1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጡ። የሌሊቱ ዘዴ ብልህ ነበር፤ ካሜራው አስቀድሞ አንድ ቦታ ላይ ይጠራና እንስሳው ራሱ ወደዚያ ቦታ እስኪመጣ ይጠበቃል። ማለትም ፎከሱ እንስሳውን አይከተልም፤ እንስሳው ወደ ፎከሱ ይሄዳል። አዳኞቻችን በውኃ መውረጃ ላይ ከሚያደርጉት ጥበቃ ብዙ አይለይም።

እንስሳውን መከተል የተቻለው መስተዋት ባላቸው ካሜራዎች ነው። ግራፍሌክስ የተባለው ከባድ የእንጨት ሣጥን የዚህ ዓይነት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ከላይ ባለው የቆዳ መከለያ ውስጥ አጎንብሶ፣ በጭጋጋማ መስተዋት ላይ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ምስል እያየ፣ ጎን ያለውን ቁልፍ በእጁ እያዞረ ያጠራል። ወፏ ወደ ግራ ስትበር በመስተዋቱ ላይ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። የዘመኑ ፊልም ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ መከፈት ነበረበት፤ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ደግሞ የሚጠራው ንብርብር ይቀጥናል። ስለዚህም በዚያ ዘመን የተፈጥሮ አጥኚው ከካሜራው ይልቅ ጠመንጃውን ያምን ነበር።

አሁን ወደ ዳንግላ እንመለስ። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን፣ ቢሮውን ትቶ በበቅሎ በመዞር የሚታወቅ ሰው ነው። የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ እየለካ ካርታ አወጣ፤ «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» በሚል ርእስ ያሳተመው መጽሐፍም በ1936 ወጣ። ከቆንስልነቱ በላይ የወፍ አጥኚ ነበር። ከዚያ ቀደም በኢራቅና በዐረብ በረሓ ሠርቷል፤ በስሙ የተጠራች የበረሓ አይጥ እንኳ አለች። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን ወፎች የሚመለከተው ጥናት፣ ከደብልዩ ኤል ስክሌተር ጋር በጋራ፣ አይቢስ በተባለው የወፍ ጥናት መጽሔት በ1935 መታተም ጀመረ።

«የሰበሰባቸው» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። የዘመኑ ማስረጃ ቆዳ ነበር። ወፏ ትተኮሳለች፣ ትገፈፋለች፣ በጥጥ ትሞላለች፣ እግሯ ላይ ቦታና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይታሰራል፤ ከዚያ በለንደን መሳቢያ ውስጥ ትተኛለች። ይህን ስል ቺዝማንን ለመውቀስ አይደለም። ቆዳ አይደበዝዝም፤ ማንም አጥኚ ከመቶ ዓመት በኋላ ሄዶ ሊለካው ይችላል። የእኔ የ1984ቱ ፎቶግራፍ ከዚያ ቆዳ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ቆዳም ግን የማይዘው ነገር አለ፤ ዓይንን። በ1926 እና 1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ወደ ኢትዮጵያ የላከው ቡድን በጎጃም አልፎ ወደ ጣናና ወደ ስሜን ሄዶ ነበር። መሪው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር፤ ፎቶግራፍ አንሺው አልፍሬድ ቤይሊም፣ ሠዓሊው ሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስም አብረውት ነበሩ። ካሜራ እያላቸው ሠዓሊ ለምን አስፈለጋቸው? አንዱ መልስ ቀለም ነው። ወፍ ከሞተች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የዓይኗ ቀለም ይጠፋል፤ የመንቁሯና የፊቷ ራቁት ቆዳም ይለወጣል። ፉዌርቴስ ወፏ ገና ትኩስ ሳለች ተቀምጦ ያን የሚጠፋውን ያስቀር ነበር። ላባው በቆዳው ላይ ስለሚቆይ ይደርሳል፤ ዓይኑ ግን አይጠብቅም። ሁለቱንም መሣሪያ የያዘ ቡድን የት ላይ እንዳተኮረ ልብ በሉ።

ፉዌርቴስ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በነሐሴ 1927፣ በኒውዮርክ ግዛት የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ መኪናውን ባቡር መትቶት ሞተ። የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ ከአደጋው ተረፉ። ሙዚየሙም በ1930 በአልበም አሳተማቸው። እነዚያን ሥዕሎች ባየሁ ቁጥር የወፎቹን ዓይን አስቀድሜ አያለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሽ ምዕተ ዓመት በፍጥነት እዘልለዋለሁ። ሌንስ ረዘመ፣ ፊልም ፈጠነ፣ መስተዋቱ ጠራ፤ ፎከስ ግን በእጅና በዓይን እንደተያዘ ቆየ። ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1977 ኮኒካ በብዛት የተሸጠችውን የመጀመሪያዋን አውቶፎከስ ካሜራ አወጣ። በ1979 ካነን በኢንፍራሬድ ጨረር የምትሠራ ካሜራ አመጣ፤ ካሜራዋ የማይታይ ብርሃን ትልካለች፣ ብርሃኑ ነገር መትቶ ሲመለስ ከማእዘኑ ርቀቱን ታሰላለች። የጓደኛዬ ካሜራም የዚህ ዘር ነበረች። እንግዲህ የቄሱ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ጨረሩ የመጀመሪያውን ነገር መታ፣ የመጀመሪያው ነገር ወይራው ነበር። ካሜራዋ አልተሳሳተችም። ቅጠልን ከጉሬዛ እንድትለይ ማንም አላስተማራትም፤ እኔ ደግሞ እንደማትለይ አላወቅሁም።

በ1985 ሚኖልታ 7000 የተባለው፣ ሌንሱ የሚለወጥ አውቶፎከስ ካሜራ ወጣ። ነገሩ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ሃኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፈጠራው የእኔ ነው» ብሎ ከሰሰና ሚኖልታ በ1992 ከ127 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ታረቀ። አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። በሌንሱ አንድ ጠርዝና በተቃራኒው ጠርዝ የሚገባው ብርሃን ተለይቶ ሁለት ትንንሽ ምስል ይሠራል። ሁለቱ በትክክለኛው ርቀት ላይ ከተገኙ ነገሩ ጠርቷል። ከተራራቁ ወይም ከተቀራረቡ፣ ልዩነቱ ሌንሱ ወዴትና ምን ያህል መዞር እንዳለበት ይናገራል። ሌላው ዘዴ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ፣ በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ልዩነት ከፍ ብሎ የሚታይበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሁለቱም ዘዴዎች ዕውር ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚያውቁት ጠርዝን ብቻ ነው። ጠርዝ የበዛበት፣ ንድፉ የጎላ፣ ቅርብ ያለ ነገር ይስባቸዋል።

በእኛ አገር ይህ ምን ያስከትላል? ጉሬዛን አስቡት። ስሙ ከእኛ ቋንቋ ተወስዶ በ1835 በጀርመናዊው ሩፔል አማካይነት ሳይንሳዊ ስም የሆነ እንስሳ ነው። ገላው ጥቁር፣ ዓይኑ ጥቁር፣ ከጎኑ የሚወርደው ዘርፍ ነጭ። ፎከሱ ከጥቁሩ ፊት ላይ የሚይዘው ጠርዝ ያጣና ነጩ ዘርፍ ላይ ያርፋል። መንቁረ ወፍራሙ ቁራችንም እንዲሁ ነው፤ መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለበት፣ ካሜራውም ማጅራቱን ያጠራል። እንጅባራ ዙሪያ ያለው ቀርከሃ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የቆመ መስመር ነው፤ ለፎከስ ሴንሰር ከዚህ የሚበልጥ ድግስ የለም። በፋግታ ለኮማ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ከመጣ ወዲህ ይባስ ብሏል፤ ላባ የመሰለው ቅጠሉ በትንሽ ነፋስ ይንቀጠቀጣል፣ ሌንሱም አብሮት ሲንቀጠቀጥ ይውላል። (ሳቅ)

ቁጥር ልጨምርበት። ባለ 400 ሚሊሜትር ሌንስ ይዛችሁ፣ ቀዳዳውን 5.6 ላይ አድርጋችሁ፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ እንስሳ ብታነሡ፣ የሚጠራው ንብርብር ውፍረቱ 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ከእንስሳው አንድ ሜትር ቀድሞ ያለ ቀርከሃ ፎከሱን ከያዘው እንስሳው ከነሕይወቱ ጠፋ ማለት ነው።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ለዚህ ብልሃት አበጁ። አንዱ፣ ካሜራው የራሱን ምርጫ እንዳያደርግ ከብዙዎቹ ነጥቦች አንዱን ብቻ መርጦ ዓይኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ሌላው፣ የፎከሱን ትእዛዝ ከመተኮሻው ቁልፍ አላቅቆ በካሜራው ጀርባ ላለ ቁልፍ መስጠት ነው፤ አውራ ጣት ያጠራል፣ ሌባ ጣት ይተኩሳል። ቅርንጫፍ መሐል ከገባ አውራ ጣቴን አነሣለሁ፤ ሌንሱ ባለበት ይቆማል። እኔ በግሌ ከዚህም ወደ ጥንቱ እመለሳለሁ፤ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሌንሱን ቀለበት በእጄ አዞራለሁ።

ኩባንያዎቹ ግን ሌላ መንገድ ተከተሉ። በ1992 የወጣው ካነን ኢኦኤስ 5 የፎቶግራፍ አንሺውን ዓይን ያይ ነበር፤ ሰውየው ከአምስቱ ነጥቦች የተመለከተውን ነጥብ ካሜራው ይመርጣል። ለእኔ ከፎከስ ታሪክ ሁሉ ይህ ደስ ይለኛል፤ ማሽኑ ሰውየውን «ምን እያየህ ነው?» ብሎ የጠየቀበት ጊዜ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ። በ2019 ሶኒ የእንስሳ ዓይን ለይቶ የሚያጠራ ዘዴ ወደ ካሜራዎቹ አስገባ፤ በ2021 የወፍ ዓይን ጨመረ። ካሜራው አሁን ጠርዝ ብቻ አይፈልግም፤ ከብዙ ምስል ተምሮ «ይህ ፊት ነው፣ ይህ ዓይን ነው» ይላል። ፉዌርቴስ በሩጫ ያስቀረውን ዓይን ማሽኑ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። በዘንገና ሐይቅ ዳር አንድ ተማሪዬ ይዞት የመጣውን እንዲህ ያለ ካሜራ ሞክሬ ተደንቄአለሁ፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚዘልል የጦጣ ዓይን ሳይለቅ ተከተለ።

ሆኖም የታሪክ ሰው «ከየትኛው ምስል ተማረ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በ2020 የወጣው ካነን ኢኦኤስ አር 5 ያውቃቸዋል ተብለው በስም የተጠሩት እንስሳት ውሻ፣ ድመትና ወፍ ነበሩ። ገበያው ያለው እዚያ ነው፤ ሰው ውሻውን ያነሣል። ጉሬዛ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ ዓይናቸው ቢያዝላቸው ውሻንና ድመትን ስለመሰሉ ነው። ቀይ ቀበሮ የውሻ ወገን ስለሆነ ዕድለኛ ነው። ጥቁር ፊቱ ላይ ጥቁር ዓይን ያለው ጉሬዛ ጥላ ውስጥ ሲሆን ግን፣ ያው የተማሪዬ ካሜራ በተደጋጋሚ ትቶት ከኋላው ወዳለው ብሩህ ሰማይ ሲሄድ አይቻለሁ። ብሩስ የባሉጋኒን ስም አውቆ ነው የደበቀው፤ ማሽኑ ማንንም አይደብቅም። ያልተማረውን አያይም፣ ይኸው ነው።

ይህ የጨዋታ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቆዳ ወደ ፎቶግራፍ ተሸጋግረናል፤ ዛሬ እንስሳ አንድ ቦታ መኖሩን ለማሳየት መግደል አይጠበቅብንም፤ ተኩሶ መግፈፍንም ማንም አስተዋይ ሰው እንዲመለስ አይመኝም። ስለዚህ ማስረጃው የጠራ ምስል ነው። በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በ1990 ከአንድ የሞተች የሌሊት ወፍራሪ ወፍ የተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ ነበር፤ ያው ክንፍ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ለመጠራት በቃ። ክንፍ ይለካል። የደበዘዘ ምስል ግን አይለካም፤ አይታመንምም። በጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም። ነገ አንድ እረኛ በስልኩ «አየሁት» ብሎ ምስል ቢያመጣልን፣ የጠራው ጅባራው ከሆነና ቀበሮው ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ፣ ምን እንለዋለን?

የ1984ቱ ደን ዛሬም አለ፤ ጠቧል። ጉሬዛ እዚያ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ነበረ ብዬ ስናገር በእጄ ያለው ማስረጃ ይህ በስክሪኑ ላይ ያለው ወይራ ነው።

አንድ የመጨረሻ ምስል ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ሌላ ደን ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር ከጠዋት ጀምሮ ስንታገል ዋልን። አንድ ካሜራ ቅርንጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ሰማይ ይይዛል፣ እኔ ቀለበቱን አዞራለሁ፣ ጉሬዛው ይዘልላል። ከብት የሚጠብቅ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከኋላችን ቆሞ የካሜራውን ስክሪን ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ አሁን አይሆንልዎትም፤ ቅጠል ውስጥ ገብቷል» አለኝ። ታዲያ መቼ ነው የሚሆነው ብለው፣ «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይምጡ። ሌሊቱ ስለሚበርዳቸው ፀሐይ ሊሞቁ ከዚያ ከደረቀው ዛፍ ጫፍ ይወጣሉ። ዛፉ ቅጠል የለውም» አለ።

በማግሥቱ ሄድን። አምስት ነበሩ፤ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው በደረቀው ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል። ይህ ከመካከላቸው አንዱ ነው። ከኋላ ያሉት ሆይ፣ መብራቱን ብታጠፉልን ዓይኑ ውስጥ ያለችው ፀሐይ ትታያችኋለች። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።